ፈሳሽ ሳሙናችሁ ለምን ውሃ ሆነ? (ችግርና መፍትሄ)

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቤቴ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጬ ለምግብ ቤቶች እሸጣለሁ፣ እና በየቀኑ የምጠየቀው ነገር አንድ ዓይነት ስለሆነ እዚህ ልጻፈው።

ማታ ወፍራም ነበር፣ ሌላ ጨው ስጨምር ቀጠነ። ጨው በዝቶበት ነው። ቴክሳፖን (አረፋ የሚሰጠው ወፍራም የሳሙና ጥሬ ዕቃ) ጨው ሲገባበት እስከተወሰነ ድረስ ይወፍራል፣ ከዛ ካለፈ ግን እያንዳንዷ ማንኪያ ታቀጥነዋለች፣ ሰው ደግሞ ቀጠነ ብሎ ሌላ ይጨምራል፣ በቃ አለቀ። እኔም 20 ሊትር እንደ አጥሚት ሆኖልኝ ደስ ብሎኝ ሳለ አንድ እፍኝ ደገምኩለትና ቁጭ ብዬ አየሁት። ለማወቅ አንድ ብርጭቆ ቅዱና ትንሽ ንጹህ ውሃ ጠብ አርጉበት፣ ከወፈረ ጨው አልፏል ማለት ነው። ጨው ያልነካው የቴክሳፖን ብጥብጥ ቀላቅሉበት፣ ይመለሳል። ደሞ ትኩሱን አይታችሁ አትፍረዱ፣ ሲበርድ ነው የሚወፍረው።

ቴክሳፖኑ ጓል ሆኖ አልሟሟ አለ። ውሃውን ላዩ ላይ ስለደፋችሁበት ነው፣ ትንሽ ውሃ ሲነካው ጭራሽ ይጠነክራል። መጀመሪያ ውሃውን ባልዲ ውስጥ፣ ከዛ ቴክሳፖኑን በትንንሹ ጨምራችሁ አሳድሩት። በኃይል አትምቱት፣ አረፋ ብቻ ታተርፋላችሁ።

እጅ ያቃጥላል። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ላብሳው (የሳሙና ጥሬ ዕቃ የሆነው አሲድ) በኮስቲክ ሶዳ በደንብ አልተገደለም፣ ማለት አሲድነቱ አልጠፋም፣ ወይ ኮስቲኩ በዝቷል። ለ1 ኪሎ ላብሳ ወደ 120 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ይበቃል፣ ኮስቲኩን ወደ ውሃ እንጂ ውሃውን ኮስቲኩ ላይ እንዳትደፉ፣ የአሉሚኒየም ድስትም አይሆንም ይበላዋል። በፒኤች ወረቀት (አሲድነቱን በሚያሳየው) ስትለኩት 7 ወይ 8 ይምጣ።

ሻምፖው ጸጉር አደረቀ። በላብሳ ሠርታችሁት ነዋ! ላብሳ ለሳህንና ለወለል ነው። ለጸጉር ቴክሳፖን ከቤታይን (ለስለስ ያለ አረፋ ሰጪ) ጋር፣ ፒኤቹን በሲትሪክ አሲድ ወደ 5 ተኩል አውርዱት። እናቶቻችን ነጠላ በእንዶድ ሲያጥቡ አረፋው እንዶዱ ውስጥ ካለው ሳፖኒን ከሚባል ነገር ነበር፣ ግን እንዶድ ተፈጥሮ ነው ብላችሁ ሻምፖ ውስጥ እንዳትከቱ፣ ዓይን ይለበልባል።

ጠዋት ደፍርሶ እኩለ ቀን ላይ ከጠራ የማርቆስ ብርድ ነው፣ ተውት። ቀኑን ሙሉ ከደፈረሰ ጥፋቱ የጉድጓድ ውሃችሁ ነው፣ ቀይሩት።

በሳምንቱ ሸተተ ቀጠነ ካላችሁ ግን ማቆያ (እንዳይበላሽ የሚጨመር ኬሚካል) አልገባበትም፣ ባክቴሪያ ነው፣ ያንን ድፉት። ለቀጣዩ ውሃውን አፍልታችሁ አቀዝቅዙ፣ ጀሪካኑን እጠቡ፣ ማቆያ ግዙ፣ ፎርማሊን ግን አይሁን።