ፒዲኤፍን ዳውንሎድ ሳያስደርጉ እዚያው ገጹ ላይ ማስነበብ፦ ፒዲኤፍ ጄኤስን እንዴት እንጠቀማለን?

አንድ አንባቢ ዌብሳይታችሁ ላይ ያለውን መመሪያ ሊያነብ ይጫናል። ፋይሉ ስልኩ ላይ ይወርዳል። ከዚያ የሚከፍተው አፕ ይፈልጋል። ቢያገኝም ከገጻችሁ ወጥቷል፤ ብዙውን ጊዜ አይመለስም።

እኔም አንድ ረጅም መመሪያ እንደዚህ ለጥፌ ነበር። ሰዎች የሚፈልጉት ገጽ 40 ላይ ያለችውን አንዲት ሠንጠረዥ ነው። ለእሷ ሲሉ ሙሉውን ፋይል ያወርዱ ነበር። ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኝ ስለነበር መፍትሔ ስፈልግ ፒዲኤፍ ጄኤስን አገኘሁ።

ፒዲኤፍ ጄኤስ በጃቫስክሪፕት የተሠራ ኦፕን ሶርስ የሰነድ ማሳያ ነው። የፋየርፎክስ ብሮውዘር ባለቤት በሆነው ሞዚላ ውስጥ በ2011 ተጀመረ። በ2013 ከፋየርፎክስ 19 ጋር ወጣ። ዛሬም ፋየርፎክስ ላይ ፒዲኤፍ ስትከፍቱ የምታዩት እሱን ነው። ፈቃዱ አፓቼ 2.0 ስለሆነ ማንም በነፃ ወስዶ፣ አስተካክሎ ገጹ ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል። እኔ ከሁሉም የምወድለት ግን ሰነዱ ለሌላ ድርጅት ሰርቨር የማይላክ መሆኑን ነው። ሰነዱን አንብቦ ገጹን የማሳየቱ ሥራ የሚያልቀው አንባቢው ብሮውዘር ውስጥ ነው።

1. ትክክለኛውን ዚፕ አውርዱ

ጊትሀብ በሚባለው የኮድ ማጋሪያ ዌብሳይት ላይ ወዳለው የፕሮጀክቱ ገጽ ሂዱና የተለቀቁ እትሞችን ዝርዝር ክፈቱ። ጥንቃቄ የሚፈልገው እዚህ ጋ ነው። «ሶርስ ኮድ» የሚለው ዚፕ ገና ያልተገነባ ኮድ ነው፤ እንዳለ ብትጭኑት አይሠራም። ስሙ መጨረሻ ላይ «ዲስት» የሚል ያለበትን ውሰዱ። «ሌጋሲ» የሚል የተጨመረበት ደግሞ ለቆዩ ብሮውዘሮች የተዘጋጀ ነው። አንባቢዎቻችሁ የቆየ ስልክ የሚይዙ ከሆነ ያለ ብዙ ማሰብ ሌጋሲውን ምረጡ።

ዚፑ ሲፈታ ሁለት ዋና ፎልደሮች ታገኛላችሁ፦ «ቢልድ» እና «ዌብ»። ቢልድ ውስጥ ፒዲኤፉን የሚያነበው ሞተር አለ። ዌብ ውስጥ «ቪወር» የሚባለው ገጽ አለ፤ የገጽ ቁጥር፣ ማጉያ፣ መፈለጊያና ማተሚያ ያለው እሱ ነው። ሁለቱን አትለያዩ። ቪወሩ ሞተሩን የሚፈልገው ጎኑ ባለው ፎልደር ውስጥ ነው።

2. መጀመሪያ ራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት

የቪወሩን ፋይል ሁለቴ ተጭናችሁ ብትከፍቱት አይሠራም። ብሮውዘሩ ከዲስክ በቀጥታ የተከፈተ ገጽ ሌሎች ፋይሎችን እንዲጠራ አይፈቅድለትም። ትንሽ ሰርቨር ያስፈልጋል። ፓይተን የሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ኮምፒውተራችሁ ላይ ካለ አብሮት የሚመጣው የኤችቲቲፒ ሰርቨር ይበቃል። ፎልደሩ ውስጥ ሆናችሁ አስነሱትና ብሮውዘር ላይ ሎካልሆስትን (የራሳችሁን ኮምፒውተር አድራሻ) በፖርት 8000 ክፈቱ።

ቪወሩ ሲነሳ ለናሙና የተቀመጠ ባለ 14 ገጽ የጥናት ጽሑፍ ይመጣል። እሱን ካያችሁ በትክክል ሠርቷል ማለት ነው።

3. ሰርቨር ላይ ጫኑና የራሳችሁን ሰነድ ስጡት

ሁለቱንም ፎልደሮች ሆስቲንጋችሁ ላይ አውጡ። ከዚያ የቪወሩን አድራሻ ወስዳችሁ መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት (?) አድርጉ። ቀጥሎ ፋይል የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በትንንሽ ፊደላት ጻፉ፤ ከዚያ የእኩል ምልክት (=)፣ ከዚያ የፒዲኤፉ አድራሻ። በቃ ይሄው ነው።

ከዚህ ኋላ ሀሽ (#) አድርጋችሁ ፔጅ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ፣ የእኩል ምልክትና 40 ብትጨምሩ ሰነዱ ቀጥታ ገጽ 40 ላይ ይከፈታል። ያቺ ሠንጠረዥ ፈላጊ ያላት እኔ ዘንድ ብቻ አይመስለኝም። ለእያንዳንዱ ምዕራፍ የራሱን ሊንክ ስጡ፤ አንባቢ በጣም ያመሰግናችኋል።

ማሳያው በራሳችሁ ገጽ መሃል እንዲገባ ከፈለጋችሁ ይህንኑ አድራሻ አይፍሬም (አንድን ገጽ ሌላ ገጽ ውስጥ የሚያሳይ የኤችቲኤምኤል ክፍል) ውስጥ አስገቡት። ቁመቱን መወሰን አትርሱ፤ ያለዚያ ጠባብ መስኮት ሆኖ ይቀራል። የፕሮጀክቱ ሰዎች አንድ ነገር ይጠይቃሉ፦ ቪወሩን እንዳለ ሳይሆን መልኩን ቀይራችሁ ተጠቀሙ ይላሉ። ቀለሙን መቀየርና የማያስፈልጉ ቁልፎችን ማንሳት ለአንባቢም ይቀለዋል።

እምቢ ሲል

ከላይ የቁልፎቹ መስመር ብቻ መጥቶ ታች ባዶ ግራጫ ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ። ከ4ኛው እትም ወዲህ የጃቫስክሪፕት ፋይሎቹ መጨረሻ «ጄኤስ» ሳይሆን «ኤምጄኤስ» ነው። አንዳንድ ሰርቨር ይህን ዓይነት ፋይል ስለማያውቀው በተሳሳተ ዓይነት ይልከዋል፤ ብሮውዘሩም አልቀበልም ይላል። ሆስቲንጉን የሚያስተዳድረው ሰው ኤምጄኤስን እንደ ጃቫስክሪፕት እንዲያስመዘግብ ንገሩት።

ሌላው የተለመደ ችግር ፒዲኤፉ ሌላ ዶሜን ላይ መሆኑ ነው። ቪወሩ ሆን ብሎ ይከለክላል። ቀላሉ መንገድ ፋይሉን ወደ ራሳችሁ ዶሜን ማምጣት ነው። የፋይል ስም ላይ ክፍት ቦታ ወይም የአማርኛ ፊደል ካለም ሊንኩ ሊበላሽ ስለሚችል ስሙን በአጭር የእንግሊዝኛ ፊደል አድርጉት።

ትልቅ ፋይል ሲሆን

የእኔ ዋና ጉዳይ እዚህ ጋ ነው። ፒዲኤፍ ጄኤስ ሰርቨሩ ከፈቀደለት ፋይሉን በ64 ኪሎባይት ቁራጭ እያደረገ መጠየቅ ይችላል። ገጽ 40ን ለማሳየት ከገጽ 1 እስከ 39 ያለውን ማምጣት የለበትም። ሰርቨራችሁ መፍቀዱን ለማወቅ የብሮውዘሩን የዴቨሎፐር መሣሪያ ክፈቱና «ኔትወርክ» የሚለውን እዩ። ፒዲኤፉ አጠገብ 206 የሚል ቁጥር ካያችሁ በቁራጭ እየመጣ ነው።

ግን እንዲሁ ከተተወ፣ የተፈለገውን ገጽ ካሳየ በኋላም ቀሪውን ከጀርባ ማምጣቱን ይቀጥላል። የአንባቢው ዳታ እንዲተርፍ ቪወሩ አማራጮች ውስጥ «አውቶ ፌች» (ቀሪውን አስቀድሞ ማምጣት) እና «ስትሪም» (ፋይሉን በተከታታይ ማፍሰስ) የሚባሉትን ሁለቱንም ዝጉ። አንዱን ብቻ መዝጋት አይበቃም። ፒዲኤፉን ደግሞ ኪውፒዲኤፍ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም «ሊኒያራይዝ» አድርጉት፤ ለመጀመሪያው ገጽ የሚያስፈልገው ከፊት ስለሚደረደር ቶሎ ይከፈታል።

ፊደሉና ፍለጋው

ሰነዱን ስታዘጋጁ ፎንቱ ፒዲኤፉ ውስጥ መካተቱን አረጋግጡ። ካልተካተተ አማርኛው በአራት ማዕዘን ሳጥን ሊተካ ይችላል። ፍለጋ የሚሠራው ደግሞ ሰነዱ ውስጥ እውነተኛ ጽሑፍ ሲኖር ነው። ፒዲኤፍ ጄኤስ በገጹ ሥዕል ላይ የማይታይ የጽሑፍ ንጣፍ ያነጥፋል፤ ቃል የምትፈልጉትም ኮፒ የምታደርጉትም ከዚያ ነው። ስካን የተደረገ ወረቀት ግን ፎቶ ብቻ ነው። እሱን አስቀድማችሁ ፎቶ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቦ ፒዲኤፉ ውስጥ በሚጨምረው ኦሲአርማይፒዲኤፍ በሚባል ፕሮግራም አሳልፉት። እሱ የሚጠቀመው ቴሰራክት የሚባል የፊደል ማንበቢያ አማርኛንም ያነባል፤ ስህተት ስለማይጠፋው ግን ውጤቱን በዓይናችሁ እዩት።

ማደስ

በ2024 ፒዲኤፍ ጄኤስ ላይ ከባድ የደህንነት ክፍተት ተገኝቶ ነበር። ሆን ተብሎ የተበላሸ ፎንት ያለው ፒዲኤፍ ሲከፈት፣ አጥቂው ያሰበው ጃቫስክሪፕት ገጹ ላይ እንዲሠራ ያደርግ ነበር። በ4.2.67 እትም ተዘግቷል። ከዚያ የቆየ እትም የጫናችሁ ዛሬውኑ ቀይሩት። የቀየራችሁትን ቀለምና መልክ ቪወሩ ፋይል ላይ ሳይሆን በሌላ የሲኤስኤስ (የገጽ መልክ መወሰኛ) ፋይል አስቀምጡ። አዲስ እትም ሲወጣ ሁለቱን ፎልደሮች ተክታችሁ የራሳችሁን ፋይል ቪወሩ ላይ አንድ መስመር ጨምራችሁ መጥራትና የዘጋችኋቸውን አማራጮች እንደገና መዝጋት ብቻ ይቀራችኋል።