ቲቪን ሞኒተር ስታደርጉ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

ልደታ ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ውስጥ ለሚኖር ሰው ሁለት ስክሪን ማስቀመጫ ቦታ የለውም። አንዱ ቲቪ ቀን ለሥራ፣ ማታ ለፊልም ቢያገለግል ያዋጣል። ደግሞም ይሆናል። ግን ብዙ ሰው ኬብሉን ይሰካና ፊደሉ ሲደበዝዝበት «ቲቪ ለኮምፒውተር አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። በዚህ አልስማማም። አብዛኛው ችግር የሚመጣው ስንገዛ ካላየነው ነገር ወይም ማንም ከማይከፍተው ሴቲንግ ነው።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ኢንቹን ብቻ አይቶ መግዛት ነው። መርካቶ ዱባይ ተራም ሂዱ ቦሌ፣ ቶሎ የሚነገራችሁ ኢንቹና ዋጋው ነው። ለኮምፒውተር ግን ወሳኙ በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ፒክስል (ምስሉ የሚሠራበት ጥቃቅን ነጥብ) አለ የሚለው ነው። የተለመደው ባለ 24 ኢንች ፉል ኤችዲ (1920 በ1080 ፒክስል) ሞኒተር በአንድ ኢንች 92 ገደማ ፒክስል አለው። ባለ 32 ኢንች ሆኖ ሪዞሉሽኑ (ወደ ጎንና ወደ ታች ያለው የፒክስል ብዛት) 1366 በ768 የሆነ ቲቪ ግን 49 ገደማ ብቻ ነው ያለው፣ ስለዚህ ቅርብ ሆናችሁ ስታነቡበት ፊደሉ ተሸራርፎ ይታያችኋል። ሻጩ «ፉል ኤችዲ ይሠራል» ሊላችሁ ይችላል፤ አልዋሸም፣ ቲቪው ፉል ኤችዲ ምስል ይቀበላል፣ ግን አሳንሶ ነው የሚያሳየው። መጠየቅ ያለባችሁ የራሱን የስክሪኑን ሪዞሉሽን ነው። ለሥራ የምመርጠው ባለ 43 ኢንች 4ኬ (3840 በ2160 ፒክስል) ነው፣ በአንድ ኢንች 102 ፒክስል ይደርሳል። 55 ኢንች 4ኬ ወደ 80 ይወርዳል፣ ከሩቅ ለሚያይ ምንም አይልም፣ ጠረጴዛ ላይ ግን ከዳር ዳር ለማየት አንገት ማዞር ይጠይቃል።

ስለ አንገት ካነሳን፣ ቲቪውን ግድግዳ ላይ ከፍ አድርጎ ሰቅሎ ከሥሩ መሥራትም ስህተት ነው። ከፍራሽ ላይ ሆኖ ፊልም ለማየት የተሰቀለ ቲቪ ለስምንት ሰዓት ሥራ አይሆንም። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይናችሁ ብዙም ከፍ አይበል፣ ለ43 ኢንች ደግሞ ከ80 ሳንቲሜትር እስከ 1 ሜትር ራቅ በሉ።

አሁን ወደ ፊደሉ መደብዘዝ። 4ኬ ገዝታችሁ፣ ኬብሉ ጥሩ ሆኖ፣ አሁንም በተለይ ቀይና ሰማያዊ ጽሑፍ ዳር ዳሩ ፈሶ የሚታይ ከሆነ ቲቪው አልተበላሸም። ብዙ ቲቪዎች ምስሉን እንደ ፊልም ነው የሚያስተናግዱት፦ ብርሃኑን ለእያንዳንዱ ፒክስል ይይዛሉ፣ ቀለሙን ግን ለአራት ፒክስል አንድ አድርገው ያካፍላሉ። ፊልም ላይ ዓይን አይለየውም፣ ቀጭን ፊደል ላይ ግን ወዲያው ይታወቃል። መፍትሔው ሪሞቱ ላይ ነው። ሳምሰንግና ኤልጂ ላይ የኤችዲኤምአዩን (ከኮምፒውተሩ ምስል የሚገባበትን መሰኪያ) መግቢያ ስም ወይም ምልክት ወደ «ፒሲ» ቀይሩት። ስሙን ብቻ የለወጣችሁ ይመስላል፣ ግን ቲቪው ምስሉን የሚያስተናግድበትን መንገድ ነው የሚለውጠው፣ ብዙ ሰው ቲቪውን ሊሸጥ ከወሰነ በኋላ ነው ይህንን የሚሰማው። ከዚያ «ሻርፕነስ»ን ዝቅ አድርጉ፣ በፊደሉ ዙሪያ ያለው ነጭ ጥላ እስኪጠፋ። «ቪቪድ» የሚለውን ሞድም ተዉት፣ ለሱቅ መብራት የተሠራ ነው፣ ማታ ቤት ውስጥ ዓይን ያቃጥላል።

የዊንዶውስ የታችኛው ባር ግማሹ ከስክሪኑ ውጭ ሆኖባችኋል? ቲቪው ምስሉን ትንሽ አጉልቶ ዳሩን እየቆረጠው ነው። ኤልጂ ላይ «ጀስት ስካን»፣ ሳምሰንግ ላይ «ፊት ቱ ስክሪን» የሚለውን አብሩ፣ አለቀ።

ማውሱ የሚጎተት ከሆነ ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንዱ ቀላል ነው፦ ቲቪው ምስሉን «ሲያሳምር» ጊዜ ይወስዳል፣ ስለዚህ «ጌም ሞድ»ን አብሩ። ሁለተኛው ላፕቶፑ ራሱ ነው። ዩዝድ የገባ ቆየት ያለ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ኤችዲኤምአዩ የቆየው ሥሪት፣ 1.4፣ ነው፣ እሱ ደግሞ 4ኬን በሰከንድ 30 ምስል ብቻ ነው የሚያወጣው። 60 ለማግኘት 2.0 ያስፈልጋል፣ ከላፕቶፑም፣ ከቲቪውም፣ ከኬብሉም። እዚህ ላይ ነው ሰው ውድ ኬብል በመግዛት ገንዘቡን የሚያባክነው፤ ላፕቶፑ ካላወጣው ኬብል አይፈጥረውም። ላፕቶፓችሁ ዲስፕሌይፖርት (ሌላ ዓይነት የምስል መሰኪያ) ወይም ምስል የሚያወጣ ዩኤስቢ ሲ ካለው ወደ ኤችዲኤምአይ 2.0 የሚቀይር አዳፕተር ፈልጉ። ከሌለው ወደ ፉል ኤችዲ ዝቅ ብላችሁ በ60 ሥሩ፣ ፊደሉ ትንሽ ይወፍራል እንጂ ማውሱ ይፈታል። አንዳንድ ቲቪ ላይ ደግሞ 4ኬ በ60 ሙሉ ቀለሙን ይዞ እንዲገባ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ መፍቀድ አለባችሁ፤ ኤልጂ «አልትራ ኤችዲ ዲፕ ከለር»፣ ሳምሰንግ «ኢንፑት ሲግናል ፕላስ» ይሉታል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን የመብራቱ ጉዳይ ነው። ቲቪውን፣ ኮምፒውተሩን፣ ራውተሩን፣ ሲብስም ምድጃውን በአንድ ዲቫይደር ሰክቶ መሥራት አደጋ ነው። መብራት ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ ነው ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው። ስታብላይዘር ግዙ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ንቀሉና ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ሌላም አለ። የቆዩ ቤቶች ውስጥ ሶኬቱ የመሬት መስመር የሌለው ሊሆን ይችላል። የዴስክቶፑን ብረት ስትነኩት ነዘር ካደረጋችሁ ምልክቱ ያ ነው። እንደዚያ ባለ ቤት ኤችዲኤምአይ ኬብል ሁለቱም ዕቃዎች ከሶኬት ሳይነቀሉ ስትሰኩ መግቢያው ሊቃጠል ይችላል፣ ሲቃጠል ደግሞ ቦርድ ድረስ ይሄዳል። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ የመሬት መስመር እስክታስገቡ ድረስ መጀመሪያ ሁለቱንም ንቀሉ፣ ከዚያ ኬብሉን ስኩ።

ኦኤልኢዲ (እያንዳንዱ ፒክስል ራሱ የሚያበራበት) ቲቪ ያላችሁ፣ ቀኑን ሙሉ የማይንቀሳቀስ ነገር ስክሪኑ ላይ አታቆዩ። የታችኛው ባር ከጊዜ በኋላ ታትሞ ሊቀር ይችላል። ባሩ ራሱ እንዲደበቅ አድርጉ፣ ብርሃኑን ቀንሱ። ለሥራ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ተራ ኤልኢዲ ይሻላችኋል።

ገና ያልገዛችሁ ደግሞ ሱቅ ስትሄዱ ላፕቶፓችሁንና የራሳችሁን ኬብል ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ የሚያሳያችሁን የአበባና የባሕር ቪዲዮ ተዉትና አንድ ባዶ ገጽ ከፍታችሁ በትንሽ ፊደል፣ በጥቁር መደብ ላይ በቀይ፣ ሁለት መስመር ጻፉ። «ፒሲ» አድርጋችሁም ቀዩ ፊደል ከፈሰሰ ሌላ ሞዴል አሳየኝ በሉት።