አልኮልን በእንፋሎት መሳብ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

መጠጥን በእንፋሎት መልክ በአፍ መሳብ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ በየስልኩ ይታያሉ። እባካችሁ አትሞክሩት። የማይጎዳ የሚያስመስሉትን አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው።

"ካልጠጣሁት አይጎዳኝም"

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። አረቄ ስትጠጡ መጀመሪያ ሆድ ይቀበለዋል፤ ምግብ ካለበት ወደ ደም የሚገባው ቀስ እያለ ነው። ከዚያ ጉበት የተወሰነውን ይሰባብርና የቀረው ወደ ልብና ወደ አንጎል ይሄዳል። በሳንባ የገባው ግን ጉበት ጋ ሳይደርስ ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም ወደ ልብ፣ ከልብ በቀጥታ ወደ አንጎል ነው የሚሄደው። ሞቅታው ቶሎ የሚመጣው ለዚህ ነው። ደግሞ ሰው አብዝቶ ሲጠጣ ያስመልሰዋል፤ ደስ አይልም፣ ግን ሆድ ውስጥ የቀረው ወጣለት ማለት ነው። በሳንባ ገብቶ ደም ውስጥ ያለን አልኮል ማስመለስ አያወጣውም።

"ትንሽ ነው የሳብኩት"

በምን ለካችሁት? አረቄ በመለኪያ ይቆጠራል፣ ጠጅ በብርሌ። እንፋሎት መቁጠሪያ የለውም፤ በዛብኝ የምትሉት ካለፈ በኋላ ነው።

"አያወፍርም፣ ትራፊክም አይዘኝም"

ሁለቱም ውሸት። አንድ ግራም አልኮል 7 ኪሎ ካሎሪ አለው፣ በየትም ይግባ በየት። የትንፋሽ መመርመሪያውም የሚለካው ከደም ወደ ሳንባ የሚወጣውን አልኮል ስለሆነ፣ ደማችሁ ውስጥ ካለ ያገኘዋል።

አረቄን ቤት ውስጥ ማሞቅ

እዚህ ላይ የጎጃም እናቶችን ጠይቁ። ዳግም አረቄ እሳት ላይ ጠብ ሲል ቦግ እንደሚል አረቄ የምታወጣ ሴት ሁሉ ታውቃለች። እንፋሎቱም እንደዚያው ይቀጣጠላል። በር ዘግቶ ከሰል ላይ አረቄ አሙቆ ፊትን ማስጠጋት ማለት እሳቱን ፊት ላይ መጥራት ነው፣ የከሰሉ ጭስ በራሱ ሰው እንደሚገድል ሳንረሳ። ለጉንፋን ባሕር ዛፍ ስትታጠኑም አረቄ ጠብ አታድርጉበት፤ የቆሰለውን ጉሮሮና የመተንፈሻ ቱቦ ይባስ ያቃጥለዋል፣ አስም ላለበት ደግሞ በጣም አደገኛ ነው።

የእጅ ማጽጃ አልኮል መሳብ

በፍጹም። አንዳንዱ ውስጥ ሜታኖል ሊኖር ይችላል። ሜታኖል ዓይን ያሳውራል፣ ይገድላልም፤ በትንፋሽም ወደ ሰውነት ይገባል።

"ተዉት፣ ይተኛ፣ ይበርድለታል"

ስንቱ ወጣት በዚህ ቃል እንደተቀጠፈ ሳስብ ያንገበግበኛል። የሳበ ሰው ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኙት፣ ብቻውን አትተዉት። ቡና አያነቃውም፣ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ደግሞ ሰውነቱን ጨርሶ ያቀዘቅዘዋል። ትንፋሹንም ቁጠሩ። ቀስቅሳችሁት ካልነቃ፣ ወይም ትንፋሹ በደቂቃ ከ8 በታች ከሆነ፣ ወይም በሁለት ትንፋሽ መካከል 10 ሰከንድ ካለፈ፣ ወይም ከንፈሩና ጥፍሩ ከጠቆረ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ካልተገኘም ያገኛችሁትን መኪና ወይም ባጃጅ ይዛችሁ ቅርብ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሩጡ፤ ስትደርሱም ቤተሰብ ይሰማል ብላችሁ አትደብቁ፣ ምን እንደሳበና መቼ እንደሳበ ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩት።