ከመርጅ ሶርት ዱካ የመጀመሪያውን ቅደም ተከተል ማውጣት

መርጅ ሶርት ዝርዝሩን ለሁለት ከፍሎ፣ እያንዳንዱን ግማሽ ደርድሮ፣ ሁለቱን ሁልጊዜ ያነሰውን እየወሰደ የሚያዋህድ የመደርደሪያ አልጎሪዝም ነው። ጥያቄው ይህ ነው። አንድ መርጅ ሶርት ሁለት ቁጥሮችን ባወዳደረ ቁጥር ከግራው ግማሽ ከወሰደ «1»፣ ከቀኙ ከወሰደ «2» ያትማል። የሚሰጣችሁ የቁጥሮቹ ብዛትና ይህ የ1 እና የ2 ዱካ ብቻ ነው። ከ1 ጀምሮ ያለ ድግግሞሽ የተሰጡት ቁጥሮች ከመደርደራቸው በፊት እንዴት ተቀምጠው ነበር? በ2012 (እ.ኤ.አ.) በፌስቡክ ሃከር ካፕ የፕሮግራሚንግ ውድድር የቀረበ ሲሆን፣ ሪከርሽን (ፈንክሽን ራሱን መልሶ መጥራቱ) በትክክል ገብቶን እንደሆነ ለመፈተሽ እስከ ዛሬ ግሩም ልምምድ ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው ከዱካው መጨረሻ ወደ ኋላ መፍታት ነው። አያዋጣም። አንዱ ወገን ሲያልቅ የሌላው ትርፍ ሳይወዳደር ስለሚገለበጥ የዱካው ርዝመት ቋሚ አይደለም፤ ባለ 2 እና ባለ 3 ዝርዝሮች ሲዋሃዱ 2፣ 3 ወይም 4 ምልክት ሊታተም ይችላል። ስለዚህ ከኋላ ለሚመጣ ሰው የመጨረሻው ውህደት ከየት እንደጀመረ የሚያሳየው ነገር የለም።

መፍትሔው ያለው ሌላ ቦታ ነው። መርጅ ሶርት የቁጥሮቹን መጠን ማወቅ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው «የቱ ያንሳል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ብቻ ነው፤ መልሱ ደግሞ እጃችሁ ላይ ነው። በቁጥሮቹ ፋንታ የቦታዎቹን ኢንዴክስ (የቦታ ቁጥር) ይዛችሁ ያንኑ አልጎሪዝም ከፊት ወደ ኋላ አሂዱ። ማወዳደር የሚመጣበት ቦታ ላይ ከዱካው አንድ ምልክት አንብቡ።

በ5 ቁጥሮችና በ1122211 ዱካ እንየው። ቦታዎቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ እንበላቸው። ግማሹ ወደ ታች ስለሚጠጋጋ ግራው ሀ እና ለ ነው፤ ቀኙ ደግሞ ሐ፣ መ፣ ሠ። የመጀመሪያው 1፦ ሀ ከለ ያንሳል። ቀኙ እንደገና ሐ ብቻውን፣ መ እና ሠ አንድ ላይ ሆነው ይከፈላሉ። ብቻውን ያለው ምንም አያትምም፤ ቀጣዩ 1 መ ከሠ እንደሚያንስ ይናገራል። ሐ ከእነሱ ጋር ሲዋሃድ 2፣ 2 ተነበበ፦ መ ወጣ፣ ሠ ወጣ፣ ቀኙ አለቀ፣ ሐ ሳይነበብ ተከተለ። የቀረው 211 ነው። ከቀኝ መ፣ ከግራ ሀ፣ ከግራ ለ፤ ግራው ስላለቀ ሠ እና ሐ እንዳሉ ይገለበጣሉ።

የተደረደሩት ቦታዎች መ፣ ሀ፣ ለ፣ ሠ፣ ሐ ናቸው። ይህ ገና መልሱ አይደለም! መ 1ኛ ስለወጣ ዋጋው 1 ነው፣ ሀ 2፣ ለ 3፣ ሠ 4፣ ሐ 5። በቦታቸው ስንመልሳቸው መልሱ 2 3 5 1 4 ይሆናል። እዚህ የሚሳሳት ሰው 4 1 2 5 3 ብሎ ያትማል፤ ያ የኢንዴክሶቹ ዝርዝር እንጂ የቁጥሮቹ አይደለም። ስህተቱ በ2 ቁጥር ሙከራ ፈጽሞ አይታይም፤ እዚያ ሁለቱ ሁልጊዜ እኩል ናቸውና። ቢያንስ በ4 ወይም በ5 ቁጥር ሞክሩ።

ግማሹን ወደ ላይ አጠጋግታችሁ 3 እና 2 ብትከፍሉ በዚሁ ዱካ ላይ የሌለ 8ኛ ምልክት ትፈልጋላችሁ። ሌላ ጊዜ ግን ዱካው ይበቃችሁና የተሳሳተ መልስ በሰላም ይወጣል። ስለዚህ ሲያልቅ የተነበበው ምልክት ከዱካው ርዝመት ጋር እኩል መሆኑን አረጋግጡ፤ ከዚያም ያገኛችሁትን መልስ ግማሹን ወደ ታች በሚያጠጋጋ ተራ መርጅ ሶርት ደርድሩና የሚያትመውን ዱካ ከተሰጣችሁ ጋር አስተያዩ። ሁለተኛው ፈተና እርግጠኛው ነው።

የንባብ ጠቋሚውን፣ ማለትም ዱካው ውስጥ የት እንደደረሳችሁ የሚይዘውን ቁጥር፣ ለፈንክሽኑ እንደ ተራ ቁጥር አታቀብሉ። የግራው ጥሪ አንብቦ ሲመለስ የቀኙ ጥሪ ያንኑ ምልክት እንደገና ያነባል። ለሁሉም ጥሪ የጋራ ይሁን። ሲዋሃዱም የዝርዝሩን ራስ እየቆረጣችሁ አታውጡ፤ በፓይተን እያንዳንዱ ቆረጣ የቀረውን ሁሉ ስለሚያንቀሳቅስ ለእያንዳንዱ ወገን አንድ ኢንዴክስ ይሻላል። የሪከርሽን ጥልቀት አያሳስብም፤ ለ10,000 ቁጥሮች 14 ያህል ነው።

ውድድሩ ዝርዝሩን ሳይሆን አንድ ማረጋገጫ ቁጥር ይጠይቃል፦ ከ1 ተነስቶ በየቁጥሩ በ31 ማባዛት፣ ቁጥሩን መደመር፣ በ1,000,003 አካፍሎ ቀሪውን መያዝ። ለ2 3 5 1 4 ውጤቱ 570316 ነው። ቀሪውን በየደረጃው ውሰዱ፤ ለመጨረሻ ካቆያችሁት ባለ 32 ቢት ቁጥር ቢዘገይ በ7ኛው ማባዛት ሞልቶ ይፈሳል።

ዱካው የማወዳደር ውጤት ሳይሆን የቅያሬ ቦታ ከሆነ ግን አካሄዱ ይገለበጣል። ባብል ሶርት ጎረቤታሞችን በቀያየረ ቁጥር የግራውን ቦታ አትሞ 1፣ 2 ቢሰጣችሁ፣ ከተደረደረው 1 2 3 ተነስታችሁ ከመጨረሻው ቅያሬ ጀምሩ፦ በ2 ሲቀየር 1 3 2፣ በ1 ሲቀየር 3 1 2። ከፊት ብትጀምሩ 2 3 1 ይወጣል፣ እሱም ስህተት ነው።