ጲላጦስ ሳይሆን ፒላቴስ፦ ካረጥን በኋላ ወገብን ማጽናት

ጎረቤቴ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። እኔ ሰሌን ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ጉልበቴን አጥፌ «እፍፍ» እላለሁ። ደነገጠች።

«ምን ሆንሽብኝ?»

«ፒላቴስ እየሠራሁ ነው።»

«ጲላጦስ? እጁን የታጠበው?»

ሳቅ ሲይዘኝ ሆዴ ከእንቅስቃሴው የበለጠ ሠራ። ሰውዬው ሌላ ነው። ጆሴፍ ፒላቴስ ይባላል፤ እንቅስቃሴው የሚጠራው በሱ ስም ነው። በፈረንጆቹ 1883 ጀርመን ተወለደ፤ በልጅነቱ በሽታ የማይለየው ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ከሌሎች ጀርመኖች ጋር ካምፕ ሲያስገቡት እዚያው እንቅስቃሴ ማስተማር ያዘ። በኋላ ኒው ዮርክ ሄዶ ከሕይወት አጋሩ ከክላራ ጋር ማሠልጠኛ ከፈተ።

እኔን ያስጀመረኝ ግን ስቅለት ነው። 54 ዓመቴ ነበር፤ የወር አበባዬ ከቆመ ሦስት ዓመት። ስግደቱን እንደ ልጅነቴ በጥድፊያ ጀመርኩት። ሃያ ሳልሞላ ወገቤን ያዘኝ። ቀና ስል ሳል መጣ፤ ከሳሉ ጋር ሽንት ጠብ አለ። ነጠላዬን ወደ ታች ለቅቄ አጥሩ ጥግ ቆምኩ። ስንት ሴት እንዲህ ጥግ ይዛ እንደምትቆም ያኔ አላውቅም ነበር።

ፊዚዮቴራፒ ለተማረችው ለእህቴ ልጅ ነገርኳት። «አክስቴ፣ እርጅና ነው ብለው አይተዉት፤ መላ አለው» አለችኝ።

ስናርጥ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ባሉት አምስት ሰባት ዓመታት አጥንት ቶሎ ቶሎ ይሳሳል። ጡንቻም ይቀንሳል። ፊኛንና ማህፀንን ከታች ደግፎ የያዘው ጡንቻ፣ ወሊድም ጎድቶት ስለሚቆይ፣ ይላላል። ከሆድ ውስጥ ደግሞ ወገብን ዙሪያውን የሚይዝ ጥልቅ ጡንቻ አለ። የውስጥ መቀነት በይው። እኛ የውጭውን መቀነት ስናጠብቅ ኖረን የውስጡን ረስተነዋል።

ከመጀመርሽ በፊት አንድ ነገር። ዓመት ሙሉ ቆሞ የነበረ ደም ተመልሶ ከታየሽ፣ ጠብታም ቢሆን፣ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም። ቁመትሽ ካጠረ፣ ጀርባሽ እየጎበጠ ከመጣ፣ ወይም በቀላል አወዳደቅ አጥንት ከተሰበረብሽም መጀመሪያ ታዪ።

ዕቃ አያስፈልግም። ፍራሽ ላይ ግን አይሆንም፤ ይሰምጣል። ሰሌን አንጥፊና ብርድ ልብስ አጥፈሽ ደርቢበት። ጋቢ ጠቅልለሽ ራስጌሽ አድርጊ። የጎንደር ጠዋት ቢበርድም ካልሲውን አውልቂ፣ ያንሸራትታል። ቀሚስ አይመችም። እኔ የልጄን አሮጌ ቱታ ወርሻለሁ።

ዋናው ትንፋሽ ነው። እኔ እዚህ ላይ ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጅቻለሁ። በጀርባሽ ተኚ፣ ጉልበትሽን እጠፊ፣ እግርሽ መሬት ይርገጥ። እጅሽን ጎድንሽ ላይ አድርጊ። በአፍንጫሽ ስትስቢ ጎድንሽ ወደ ጎን ይስፋ፤ ትከሻሽ ወደ ጆሮሽ አይውጣ። ስታወጪ የጧፍ ነበልባል ሳታጠፊ እንደምታወዛውዢ ቀስ አድርገሽ ንፊ። ከትንፋሹ ጋር፣ ሽንትሽን እንደምትይዢ አድርገሽ ከታች ወደ ላይ ሳቢ። ቀጥሎ የታችኛው ሆድሽ ትንሽ ወደ ውስጥ ይግባ። ትንሽ ነው ያልኩሽ። መቀመጫሽን ከጨመቅሽ ወይም ፊትሽ ከተኮሳተረ አብዝተሻል። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ልቀቂ። መልቀቁ የሥራው ግማሽ ነው፤ ሁሌ እንደተወጠረ የሚኖር ጡንቻም አይረባም። ስምንት ጊዜ ይበቃል። «አክስቴ፣ ትንፋሽዎን አይያዙት!» ስባል ነው የከረምኩት። ትንፋሽ መያዝ ግፊቱን ወደ ታች ይልከዋል፤ የደም ግፊት ላለባትም ጥሩ አይደለም።

ያ ሲገባሽ ሌላው ቀላል ነው። እንደተኛሽ፣ ስታወጪ አንድ እግርሽን ከመሬት አንሺና መልሺ፤ ወገብሽ እንዳይቀስት። ከዚያ እግርሽን ረግጠሽ ዳሌሽን ወደ ላይ አንሺ፣ ከጉልበትሽ እስከ ትከሻሽ እንደ ዳገት ቀጥ ይበል፣ ቀስ ብለሽ ውረጂ። ቀጥሎ በእጅና በጉልበትሽ ተደገፊ። ቀኝ እጅሽንና ግራ እግርሽን ዘርጊ፤ ጀርባሽ ላይ የሞላ ስኒ የተቀመጠ ይመስል። በመጨረሻ በሆድሽ ተኝተሽ፣ ግንባርሽን እጅሽ ላይ አድርገሽ፣ ደረትሽን ጥቂት ቀና አድርጊ። ለጎበጠ ጀርባ ይሄኛውን ነው የምወደው። እያንዳንዱን ስድስት ስምንት ጊዜ፣ በሳምንት ሦስት ቀን።

ስልክ ላይ የምታያቸውን ወጣቶች አትከተያቸው። አንገት እየሳቡ ወደ ጉልበት መታጠፍ፣ ሲት አፕ (ከተኙበት በሆድ ኃይል ቀና ማለት)፣ በጀርባ እንደ ኳስ መንከባለል፣ አጥንቷ ለሳሳ ሴት የአከርካሪ ስብራት ሊያመጣ ይችላል።

የታችኛው ጡንቻ ለብቻውም ይሠራል፤ ስምንት ጊዜ ጨምቆ መልቀቅ፣ በቀን ሦስት ዙር። እኔ ከቡና ጋር አገናኘሁት። በአቦል ስምንት፣ በቶና ስምንት፣ በበረካ ስምንት። የእህቴ ልጅ «በቀኑ ውስጥ ይበተን እንጂ» ብላ ተቃውማለች። ልክ ናት፣ ግን እረሳዋለሁ። ደግሞ ማንም አያይሽም፤ ፈንዲሻ እየቆረጠምሽ ትሠሪዋለሽ።

ፒላቴስ ብቻውን ለአጥንት አይበቃም። አጥንት ሸክም ይፈልጋል። ለዚህ ጎንደር ጂም ናት፦ ከፋሲል መዋኛ ወደ ፒያሳ ስትመለሺ ባጃጁን ተይውና በእግርሽ ነይ። ቤት ደግሞ ከወንበር እጅ ሳትደገፊ አሥር ጊዜ ተነሺ፣ እየተነሳሽ እፍ በይ። ከለመድሽው ወደ ዱካ ዝቅ በይ። ጥርስሽን ስትፍቂ የበሩን መቃን ይዘሽ በአንድ እግር ቁሚ።

ሦስት ወር ታገሺ። እኔ መጀመሪያ የተሻለኝ ከሳል ጋር ጠብ የሚለው ሽንት ነው። ስግደቱ ዘገየ። አሁን ስወርድ ከጀርባዬ ሳይሆን ከዳሌዬና ከጉልበቴ እታጠፋለሁ፣ ስነሳ እተነፍሳለሁ። ባለፈው ስቅለት አርባ ሰግጄ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ጎረቤቴ አጠገቤ ወገቧን ይዛ መጣች። «ያ ጲላጦስሽ» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «መቼ መቼ ነው?»