በጣና ላይ የመጀመሪያውን የጀልባ ጉዞ እንዴት ማሰናዳት ይገባል

ባሕር ዳር የሚመጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ገዳማቱ ጠይቆ፣ ስለ ዓሣው ጠይቆ፣ ስለ ሐይቁ ግን ሳይጠይቅ ጀልባ ላይ ይወጣል። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተኛ የሀገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው፤ መሐሉ ላይ ሲደርሱ የብስ ከዓይን የሚርቅበት ቦታም አለው። በአግባቡ ለተዘጋጀ ሰው ጉዞው ከጥሩም በላይ ጥሩ ነው። ሳይዘጋጅ ለተነሣ ሰው ግን፣ በተለይ ሕፃናትንና አረጋውያንን ይዞ ከሆነ፣ ደስታው ወደ ጭንቀት ለመለወጥ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ከዚህ በታች ያለው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሳፈር ሰው የተጻፈ ሲሆን፣ ከሁሉም አስቀድሜ አጥብቄ የምናገረው ስለ ሰዓት ነው።

አንደኛ፦ የመመለሻውን ሰዓት ይወስኑ

ሰዎች የሚጠይቁት "በስንት ሰዓት እንነሣለን?" ብለው ነው። መጠየቅ ያለበት "በስንት ሰዓት ተመልሰን እንገባለን?" የሚለው ነው፤ የመነሻው ሰዓት ከዚያ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይገኛል።

ምክንያቱ ነፋሱ ነው። በበጋ ወራት ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ብዙውን ጊዜ ረግቶ ያድራል። ፀሐይ እየጠነከረች ስትሄድ ግን በዙሪያው ያለው መሬት ከውኃው ፈጥኖ ይሞቃል፤ በመሬቱና በውኃው ሙቀት መካከል ያለው ልዩነት አየሩን ያንቀሳቅሰዋል፤ ከሰዓት በኋላም ነፋሱ ይበረታል። ጣና ደግሞ ስፋቱን ያህል ጥልቀት የለውም፤ እጅግ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር አያልፍም። ጥልቀት በሌለው ሰፊ ውኃ ላይ የሚነሣ ማዕበል ደግሞ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይደርሳል። ትልቅ መርከብ ላይ ያለ ሰው ይህንን ላያስተውለው ይችላል። አሥር ወይም አሥራ አምስት ሰው በሚይዝ ጀልባ ላይ የተቀመጠ ተሳፋሪ ግን የጀልባው ፊት ብድግ ብሎ ውኃው ላይ ሲወድቅ በወገቡ ያውቀዋል፤ ውኃውም በጎን ገብቶ ልብሱን ያርሰዋል።

ስለዚህ ወደ ዘጌ የሚሄድ ሰው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ከባሕር ዳር ቢነሣ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ተጉዞ ይደርሳል፤ ገዳማቱን ተሳልሞና ጎብኝቶ ሲያበቃ 7 ሰዓት ሳይሞላ ይመለሳል። ወደ ደቅ ደሴት፣ ወደ ናርጋ ሥላሴ የሚሄድ ሰው ግን ጉዳዩ ከዚህ የጠበቀ ነው። የባሕር ዳር ወሽመጥ በዘጌ ልሳነ ምድር በኩል ከለላ አለው፤ ዘጌን ካለፉ በኋላ ግን የሚጓዙት በገላጣው ሐይቅ ላይ ነው። እንደ ሞተሩ ጉልበት መሄጃው ብቻ ሦስት ሰዓት ሊደርስ ስለሚችል፣ ገና ሊነጋጋ ሲል ካልተነሡ በስተቀር የመልሱ ጉዞ ከነፋሱ ጋር መገጣጠሙ አይቀርም። አርፍደው ከተነሡ ናርጋን ለሌላ ቀን ያቆዩት፤ ዘጌ ይበቃዎታል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሁለተኛ ነገር አለ፦ የሩቁን አስቀድሞ የቅርቡን ማስከተል። ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ወደ ዘጌ ሲሄዱ በመንገድ ላይ የሚገኙ ስለሆኑ ብዙዎች መጀመሪያ እዚያ ይወርዳሉ፤ ጠዋቱም እዚያ ያልቃል። ዘጌን በጠዋቱ ጨርሶ ሲመለሱ እነርሱ ጋር ጎራ ማለት ይሻላል። ነፋሱ ቀድሞ ቢነሣ እንኳ የቀረዎት መንገድ አጭር ነው፤ ካስፈራዎትም ደሴቶቹን ትተው ቀጥታ ወደ ከተማው መግባት ይችላሉ።

በክረምት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት፣ ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ነጎድጓድና መብረቅ ያለበት ዝናብ ነው። በገላጣ ውኃ ላይ ከጀልባው የሚበልጥ ከፍታ ያለው ነገር ስለሌለ በመብረቅ ሰዓት እዚያ መገኘት አይገባም። ደመናው ሲጠቁር እየታየ "ቶሎ ደርሰን እንመለሳለን" የሚልዎትን ሰው አይስሙ። ነጂው ራሱ "ዛሬ አይሆንም" ካለ ግን ተከራክሮ ለማሳመን መሞከር ትልቅ ጥፋት ነው፤ በእኔ ዘንድ እምቢ የሚል ነጂ እሺ ከሚለው ይልቅ የታመነ ነው።

ሁለተኛ፦ መድረሻውን ከሚጓዘው ሰው ጋር ያገናዝቡ

ሁሉም ገዳም ሁሉንም አያስገባም። ክብራን ገብርኤልና ደጋ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳማት በመሆናቸው ሴቶች አይገቡባቸውም፤ እንጦስ ኢየሱስ ሴቶችም የሚገቡበት ገዳም ነው፤ በዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን፣ አዝዋ ማርያምንና ሌሎቹን አብያተ ክርስቲያናት ግን ወንዱም ሴቱም ይጎበኛቸዋል። ይህ አስቀድሞ ሳይነገር ቀርቶ እናትና እኅት ዳር ላይ ፀሐይ ሲመታቸው ቤተሰቡ ውስጥ ሲጎበኝ ማየት ያሳዝናል። ደጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብና የሌሎች ነገሥታት አጽም ያረፈበት በመሆኑ ታላቅ ቦታ ነው፤ ነገር ግን ለቤተሰብ ጉዞ የሚመረጥ አይደለም።

ውኃ የሚፈራ ሰው ካለ በደብረ ማርያም ይጀምሩ። ደብረ ማርያም ዐባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ያለች፣ ለከተማው ቅርብ የሆነች ደሴት ስለሆነች፣ ጉዞው አጭር ነው። እግረ መንገድዎን ጉማሬ ሊያዩ ይችላሉ። ነጂው ለፎቶ ብሎ ወደ ጉማሬዎቹ ልጠጋ ቢል ግን ይከልክሉት፤ በተለይ ግልገል ያላት ጉማሬ ጀልባ ከመገልበጥ አትመለስም።

ሦስተኛ፦ ከጀልባው ጋር የሚደረግ ስምምነት

በሐይቁ ዳር ደላላ አይጠፋም። ደላላውን ካነጋገሩም በኋላ ዋጋውን የሚጨርሱት ጀልባውን ራሱን አይተው፣ ነጂውን ራሱን አነጋግረው ይሁን። የሚያነሷቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው፦ የምንሄደው የት የት ነው? በእያንዳንዱ ቦታ ምን ያህል ሰዓት ይጠብቀናል? ቤንዚኑ በዋጋው ውስጥ አለ ወይ? የገዳማቱ የመግቢያ ክፍያና የአስጎብኚው አበል አብዛኛውን ጊዜ ለብቻ ነው። የቅድሚያ ክፍያ ለነዳጅ የሚሆነውን ያህል ይስጡና ቀሪውን ሲመለሱ ይክፈሉ።

ከዋጋው ይልቅ ስለ ነዳጁ ይጠይቁ። "ትርፍ ቤንዚን ይዘሃል?" ብለው ጠይቀው ጃሪካኑን በዓይንዎ ይዩት። ሞተር ማዕበል እየገፋ ሲሄድ ውኃው በረጋበት ሰዓት ከሚፈጀው በላይ ነዳጅ ይበላልና በጠዋት ለደርሶ መልስ ይበቃል የተባለው ከሰዓት በኋላ ላይበቃ ይችላል። እኛንም ይህ ደርሶብናል፤ ከዘጌ ማዶ ስንመለስ ነፋስ ያዘን፣ የጀልባው ባለቤት ትርፍ ነዳጅ አላስያዘም ነበርና ነጂው ዳር ዳሩን ይዞ ወደ ዘጌ መለሰን፤ ቤንዚን በሌላ ጀልባ እስኪመጣልን ድረስ ልጆች ይዘን እዚያው አመሸን። ጃሪካን ከሌለ ሌላ ጀልባ መፈለግ ነው። መቅዘፊያ መኖሩንም አብረው ይመልከቱ። በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ በኩል የሚያልፉ ከሆነ ስለ እምቦጭም ይጠይቁ፤ ሐይቁን ከወረረ ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው ይህ አረም የሞተሩን መዘውር ጠምጥሞ ያቆመዋል።

ብዙ ሰው ከሆናችሁ ከሁለት ጀልባ አንድ ጀልባ ይረክሳል በሚል ሰው መደራረብ አይገባም። ጀልባው የሚይዘው የሰው ብዛት በወንበሩ ልክ ነው፤ ሕፃንም እንደ ሰው ይቆጠራል።

አራተኛ፦ ላይፍ ጃኬቱን በእጅዎ ይፈትሹ

"ላይፍ ጃኬት አለ" መባሉ በቂ አይደለም። ከወንበር ሥር ተደርድሮ የሚታየው ጃኬት ስንት ዓመት ፀሐይ እንደመታው አይታወቅም። አንዱን አንሥተው ውስጡ ያለውን ስፖንጅ በጣትዎ ይጫኑት፤ ተጭኖ የሚቀር ወይም የሚፈረፈር ከሆነ አያንሳፍፍም። ማሰሪያውን ይቆልፉና ጠንከር አድርገው ይሳቡ፤ ፀሐይ የበላው ክር እጅዎ ላይ ይተረተራል።

የልጆች ጉዳይ ከዚህ የከፋ ነው። የአዋቂ ጃኬት ለልጅ ማልበስ አልባሽን ከማጽናናት በቀር ጥቅም የለውም። ልጁን አልብሰውና ማሰሪያውን ሁሉ አጥብቀው ከጨረሱ በኋላ ጃኬቱን በሁለቱ ትከሻ በኩል ይዘው ወደ ላይ ሳብ ያድርጉት። አገጩንና ጆሮውን አልፎ የሚወጣ ከሆነ ውኃ ውስጥም እንዲሁ ይሆናል፤ ጃኬቱ ይንሳፈፋል፣ ልጁ ይሰምጣል። በልኩ የተሠራ ከሌለ ልጁ አይሳፈር። ይህን ስናገር አጥባቂ የሚሉኝ አሉ፤ ቃሌን ግን አላነሣም።

አዋቂዎችም ጃኬቱን ይልበሱት እንጂ አይቀመጡበት። "ዋና እችላለሁ" የሚለው መልስ ልብስ ለብሶ፣ ነጠላ ተጎናጽፎ፣ በማዕበል መሐል ለወደቀ ሰው አይሠራም። ነጠላዎን ከጃኬቱ በላይ አይደርቡ፤ ነፋስ ይወስደዋል ወይም እርጥቡ እጅና እግር ያስራል። አጣጥፈው ቦርሳ ውስጥ ይያዙትና ገዳሙ ደጃፍ ሲደርሱ ይልበሱት።

አምስተኛ፦ የሚያዝና የማይያዝ

የሚጠጣ ውኃ፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሙዝ፤ ባርኔጣና የፀሐይ ቅባት፤ ዝርዝር ብር፤ ለስልክና ለወረቀት የሚሆን ወፍራም ፌስታል። በዚህ ከፍታ ፀሐዩ ይበረታል፤ ውኃው ደግሞ ከሥር መልሶ ያንጸባርቀዋልና ሸራ ያለው ጀልባ ላይ ተቀምጠውም ፊትዎ ይቃጠላል። ጾም ከሆነ የፍስክ ምግብ ወደ ገዳም አይዙ። ማቅለሽለሽ የሚያስቸግረው ሰው ከመሳፈሩ አስቀድሞ ፋርማሲ አማክሮ መድኃኒቱን ይውሰድ፤ ማዕበሉ ከጀመረ በኋላ የተዋጠ ክኒን አይደርስለትም። ባዶ ሆድም ጥጋብም ያባብሰዋል፤ ጠዋት ቀለል ያለ ነገር ቀምሶ መነሣት ይሻላል። በትናንሽ ጀልባዎች ላይ መጸዳጃ ቤት ስለሌለ ከመነሣትዎ በፊት ከተማ ውስጥ ጨርሰው ይምጡ።

ስድስተኛ፦ መሳፈር፣ መቀመጥና መውረድ

ሰው ውኃ ውስጥ የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ ዳር ላይ፣ ሲወጣና ሲወርድ ነው። የሐይቁ ውኃ ክረምቱ ሲያበቃ ከፍ ይላል፤ ዝናቡ ሳይጀምር ደግሞ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ በመስከረም ከጀልባው ጋር እኩል የነበረው የድንጋይ መውረጃ በግንቦት ከፍ ብሎ ይጠብቅዎታል፤ ውኃው የለቀቀው ድንጋይም ያንሸራትታል። ነጂው ወይም ረዳቱ ገመዱን እስኪያስር ድረስ ማንም አይነሣ። ከዚያ አንድ አንድ እየሆኑ፣ ሁለቱም እጅ ባዶ ሆኖ፣ ቦርሳውን ሌላ ሰው ተቀብሎ፣ ጀልባው ብድግ ባለበት ቅጽበት ይሻገሩ። ሁሉም በአንድ ጎን ከቆመ ጀልባው ያጋድላል።

የማቅለሽለሽ ወይም የወገብ ችግር ያለበት ከመሐል ወደ ኋላ ይቀመጥ፤ ፊት ለፊት ያለው ወንበር ለፎቶ ቢያምርም ምቱን ሁሉ የሚቀበለው እሱ ነው። እግርዎን ዳር ላይ ውኃ ውስጥ መንከር፣ በተለይ ደንገልና ሣር በበዛበት፣ አልመክርም፤ በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ።

ሰባተኛ፦ በገዳሙ

ጫማ ማውለቅን፣ የሴቶች ራስ መሸፈንን የሚያውቅ ያውቀዋል። የማይታወቀው የቅዳሴው ሰዓት ነው፤ በአጽዋማት ቅዳሴ ከሰዓት በኋላ ስለሚሆን፣ ሥዕሎቹን ለማየት የመጣ ጎብኚ የሚገባበት ሰዓት ከሌላው ጊዜ ይለያል። ከመነሣትዎ በፊት ይጠይቁ። ሥዕሎቹ ጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ በመሆናቸው የካሜራ ብልጭታም የእጅ ንክኪም ይጎዳቸዋል። በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የተሣሉበትን ሥዕል ሳያዩ አይመለሱ፤ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እርሳቸው ናቸው።

በዘጌ ከመውረጃው እስከ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያለው መንገድ በቡናው ጫካ ውስጥ የሚያልፍ ድንጋያማ አቀበት ነውና ለአረጋውያን ጊዜ ይስጡ። በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት በገዳሙ ሥርዓት የተከለከለ ስለነበረ ነው ያ ደን እስከ ዛሬ የቆመው። የዘጌን ቡና እዚያው ካመረተው ሰው መግዛት ደግሞ ጫካውን ለሚጠብቀው ገበሬ ይጠቅማል።

ስምንተኛ፦ ዳር ላይ ለቀረው ሰው

ከመነሣትዎ በፊት የአካባቢውን ወቅታዊ ሁኔታ ከባሕር ዳር ሰው ይጠይቁ። ከዚያም የማይሳፈር አንድ ዘመድ ወይም የሆቴልዎን ሠራተኛ መርጠው ሦስት ነገር ያስጽፉት፦ የነጂውን ስምና ስልክ፣ የሚሄዱበትን ቦታ በቅደም ተከተል፣ የሚመለሱበትን ሰዓት። በሐይቁ መሐል ኔትወርክ ስለሚጠፋ ስልክዎ ባይነሣ መደናገጥ እንደሌለበት፣ ነገር ግን ከተባለው ሰዓት ሁለት ሰዓት ካለፈ ወደ ወደቡ ሄዶ እንዲናገር ያስረዱት። ሲመለሱ ሒሳብ ከመክፈልዎም በፊት ይደውሉለት።