ከስድስት ኪሎ ሆነው በግል መረጃ ጥበቃ ኩባንያ ለሪሞት የምርምር ኢንተርንሺፕ ሲያመለክቱ

‹ሪሞት› የሚለው ቃል አያታልዎት። ማስታወቂያው ከቤት ሆኖ መሥራት ይቻላል ቢልም፣ ከታች ‹የሥራ ፈቃድ ባለዎት አገር› የሚል መስመር ይኖረው ይሆናል። ኢትዮጵያ ለሚኖር ሰው መክፈል ይችሉ እንደሆነ ፎርሙን ከመሙላትዎ በፊት በአጭር ኢሜይል ይጠይቁ።

የግል መረጃ ጥበቃ ሥራው ለሆነ ኩባንያ የጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) አድራሻ ሲሰጡ መጀመሪያ የኮድ ማከማቻውን ይፈትሹ። የዶክትሬት ጥናትዎ በሆስፒታል ዳታ ላይ ከሆነ፣ ፋይሉን ባይጭኑትም ጁፒተር ኖትቡኩ (ኮዱንና ውጤቱን አብሮ የሚይዘው ፋይል) ውስጥ የሠንጠረዡ አምስት ረድፍ ታትሞ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፦ ዕድሜ፣ ክፍለ ከተማ፣ የምርመራ ውጤት። ስም ባይኖርም ሦስቱ ሲገጣጠሙ ሰውየው ሊታወቅ ይችላል። ሰርዞ እንደገና ኮሚት ማድረግ (ለውጡን መመዝገብ) አያድንም፤ አሮጌው ቅጂ ጊት ታሪክ ውስጥ ተቀምጧል። ኖትቡኩ ውስጥ የታተሙትን ውጤቶች አጥፍተው በአዲስ ማከማቻ ይጀምሩ። የጤና መረጃ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ልዩ ጥበቃ ያለው መሆኑንም አይርሱ።

ከሲቪ ይልቅ የሚናገርልዎ ትንሽ ማሳያ ነው። ሲፋር-10 በተባለው የምስሎች ስብስብ ላይ አንድ ሞዴል በፓይቶርችና በኦፓከስ (የሞዴል ማሠልጠኛና የግላዊነት መጠበቂያ ላይብረሪዎች)፣ በዲፒ-ኤስጂዲ (ሥልጠናው ላይ ኖይዝ፣ ማለትም የዘፈቀደ ቁጥር፣ እየጨመረ የእያንዳንዱን ምስል ድርሻ በሚደብቅ ዘዴ) ያሠልጥኑ። የማሠልጠኛ ምስሎቹ 50,000 ስለሆኑ ዴልታ (ጥበቃው ሊከሽፍ የሚችልበት ትንሽ ዕድል) ከ1/50,000 ማነስ አለበት፤ 0.00001 ይበቃል። ኤፕሲሎን (የጥበቃው ልክ፤ ሲያንስ ጥበቃው ይጠነክራል) 1፣ 3 እና 8 ላይ የተገኘውን ትክክለኛነት ያለ ጥበቃ ከሠለጠነው ሞዴል ጎን ያስቀምጡ። ሞዴሉ ውስጥ ባች ኖርም (የባቹን፣ ማለትም አብረው የሚሰሉትን ምስሎች፣ ቁጥሮች በጋራ የሚያስተካክል ክፍል) ካለበት ኦፓከስ አይቀበለውም፣ የአንዱን ምስል ስሌት ከሌላው ጋር ያደባልቃልና፤ እያንዳንዱን ምስል ለብቻው በሚያስተካክለው ግሩፕ ኖርም ይተኩት። የጂፒዩ ሚሞሪ ሲሞላ (ለእያንዳንዱ ምስል የተለየ ግራዲየንት፣ ማለትም ሞዴሉ ወዴት መስተካከል እንዳለበት የሚያሳይ ስሌት፣ ስለሚያዝ ይሞላል) ባቹን ለማሳነስ አይቸኩሉ፤ ባች ሲያንስ ኖይዙ ግራዲየንቱን ይውጠዋል። ባቹን ከፋፍሎ የሚያሰላው የኦፓከስ ባች ሚሞሪ ማኔጀር የተሠራው ለዚሁ ነው። ደግሞ የኤፕሲሎኑ ስሌት ምስሎቹ በፖይሰን ናሙና (በየዙሩ እያንዳንዱ ምስል ለብቻው በዕጣ) እንደተመረጡ ይቆጥራል። በተለመደው ሻፍል (ምስሎቹን በውዘው በተራ በመውሰድ) አሠልጥነው ‹ኤፕሲሎን 3› ካሉ ቁጥሩ ልክ አይደለም፤ ቃለ መጠይቅ ላይ የሚያላበው ጥያቄ ይሄ ነው።

የቃለ መጠይቁን ሰዓት ሲነጋገሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ይጻፉ። ሳን ፍራንሲስኮ ጠዋት 9 ሲሉ በእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ሰዓታቸውን ሲያዞሩ 2 ይሆናል። መብራት ቢጠፋ ላፕቶፑ ይቆያል፣ ራውተሩ ግን ይጠፋል፤ የስልክዎን ሆትስፖት ቀድመው ያገናኙ። አራት ኪሎ ካፌ ውስጥ ሆኖ ቃለ መጠይቅ ማድረግ ለዚህ ዓይነት ኩባንያ በተለይ አያምርም፣ ከኋላዎ ማኪያቶ የሚጠጣው ሰው ስክሪኑን እያነበበ ነው።

ስምዎ ፓስፖርት፣ ዲግሪና የባንክ ደብተር ላይ በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል መጻፉን ያረጋግጡ። ‹ወርቁ› አንዱ ላይ በ‹ኦ› (Worku)፣ ሌላው ላይ በ‹ኢ› (Werku) ከሆነ ክፍያው ባንክ ላይ ሊቆም ይችላል። ውሉን ሲያነቡ ደግሞ የሚሠሩትን ጽሑፍ ማሳተምና መመረቂያዎ ውስጥ ማስገባት ይፈቀድ እንደሆነ ይፈልጉ፤ ካልተጻፈ ከመፈረምዎ በፊት ያስጽፉ።